ለወጨጫና ለሱባ ጫካ የትኛው ካሜራ ይሻላል? በምንስ ኤዲት ላድርግ?

የደረሰኝ ጥያቄ ይህ ነው፦

«ጋሼ ሰላም ነው? የምኖረው ሰበታ ነው። ቅዳሜና እሁድ ከጓደኞቼ ጋር ወጨጫ ተራራና ሱባ ጫካ እንወጣለን፤ አልፎ አልፎ እንጦጦና የረርም እንሄዳለን። እስካሁን በስልኬ ነበር የማነሳው። አሁን ዕቁብ ስለደረሰኝ ካሜራ ልገዛ ነው። ‹ፉል ፍሬም ካልሆነ ገንዘብሽን አትጣዪ› የሚሉኝ አሉ። ‹ያለ ላይትሩም ፎቶ አይሆንም› የሚሉም አሉ፤ እኔ ግን ወርሃዊ ክፍያውን የምከፍልበት ካርድ የለኝም። ላፕቶፔም አሮጌ ነው። ምን ይሻለኛል?»

እህቴ፣ እንኳን ደረሰሽ። መልሱን ላስቀድም። ፉል ፍሬም፣ ማለትም ትልቅ ሴንሰር (ብርሃን የሚቀበለው ክፍል) ያለው ካሜራ፣ አትግዢ። ደህና የተያዘ፣ ያገለገለ ክሮፕ ሴንሰር፣ ማለትም ሴንሰሩ አነስ ያለ ካሜራ ግዢ። ለቦዲው (ሌንስ ለሌለው ካሜራ) ከዕቁቡ ከግማሽ በታች መድቢ። የቀረው ለሌንስ፣ ለባትሪ፣ ለሜሞሪና ለሃርድ ዲስክ ይሁን። ላይትሩም ለሚባለው የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራምም ሆነ ለሌላ ኤዲቲንግ አንድ ብር አታውጪ።

አሁን ምክንያቱን ልንገርሽ። ብዙ ሰው ካሜራ የሚመርጠው ዩቲዩብ ላይ ባየው ነገር ነው። አንቺ ግን የምታነሺበትን ቦታ ታውቂዋለሽ። ስለዚህ ከተራራው እንነሳ።

የወጨጫ ጫፍ 3,385 ሜትር ነው። ከሰበታ ስትነሺ ወደ 1,000 ሜትር ገደማ ሽቅብ ትወጫለሽ ማለት ነው። እዚያ አየሩ ይሳሳል፤ ትንፋሽ ያጥራል፤ እጅ ይንቀጠቀጣል። ታች ጥዱ ጋ ቀላል የመሰለሽ ቦርሳ ላይ አስታው ቁጥቋጦ ጋ ስትደርሺ ትከሻሽን ይቆርጠዋል። ያኔ ሰው ምን እንደሚያደርግ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ካሜራውን ቦርሳ ውስጥ ከትቶ ስልኩን ያወጣል። ውድ ካሜራ ተሸክሞ ወጥቶ በስልክ አንስቶ ይመለሳል።

እስቲ በሚዛን እንየው። ካኖን 80ዲ ባትሪና ሜሞሪ ጨምሮ 730 ግራም ይመዝናል። 18-135 ኤስቲኤም ሌንሱ 480 ግራም፣ 55-250 ኤስቲኤም ሌንሱ 375 ግራም ነው። ሦስቱ ተደምረው 1.6 ኪሎ አይሞሉም። ክሮፕ ሴንሰር ስለሆነ ደግሞ 250 ሚሊሜትሩ ፉል ፍሬም ላይ 400 ሚሊሜትር የሚያቀርበውን ያህል ያቀርብልሻል። ያንን በፉል ፍሬም ላግኝ ካልሽ ካኖን 6ዲ 770 ግራም፣ 24-105 ኤል ሌንስ 670 ግራም፣ 100-400 ኤል ሌንስ (ሁለተኛው ሞዴል) ደግሞ ለብቻው ከአንድ ኪሎ ተኩል በላይ ነው። ድምሩ 3 ኪሎ ይሆናል። ውሃሽ፣ ምሳሽና ጃኬትሽ ገና አልገቡም። የዋጋውን ነገር ተዪው።

ፉል ፍሬም ጥቅም የለውም እያልኩ አይደለም። ሴንሰሩ ከካኖን ክሮፕ ሴንሰር ከሁለት እጥፍ በላይ ስፋት አለው። ብዙ ብርሃን ይሰበስባል፤ ጨለማ ላይ ፎቶው ብዙ አይሻክርም። ሠርግ አዳራሽ ውስጥ የምትሠሪ ቢሆን ወይም ሥራሽ ሌሊት ሰማይ ማንሳት ቢሆን ሌላ ነገር እመክርሽ ነበር። አንቺ ግን በቀን ብርሃን ተራራ የምትወጪ ሰው ነሽ። ለአንቺ ርቀትና ቅለት ይበልጣሉ።

የግድ ካኖን ይሁን አልልሽም። ኒኮን ዲ7200ም በጣም ጥሩ ነው። 765 ግራም ነው፤ ሁለት ሜሞሪ ይይዛል፤ ባትሪው ደግሞ የሚገርም ነው፣ በአንድ ቻርጅ ከ1,000 ፎቶ በላይ። ቀለል ይበልልኝ ካልሽ ሶኒ ኤ6000 አለ፤ 344 ግራም ብቻ ነው። ነገር ግን ባትሪው ቶሎ ያልቃል፤ አቧራና ካፊያ የሚከላከል ጎማም የለውም። በጥር የሰበታን የፒስታ መንገድ አቧራ ለምታውቂው ለአንቺ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። እኔ ብሆን ከ80ዲና ከዲ7200 በደህና ሁኔታ ያገኘሁትን እወስዳለሁ። ሁለቱም 24 ሜጋፒክስል ናቸው። ለትልቅ የግድግዳ ፎቶ ሳይቀር ይበቃሽ ይተርፍሻል።

ያገለገለ ዕቃ ስትገዢ ግን አትቸኩይ። እኔ ሻጩ ፊት ቆሜ የማደርገውን ልንገርሽ። መጀመሪያ ሌንሱን ፈትቼ የስልኬን መብራት በአንድ ጎኑ አበራበታለሁ፤ በሌላው ጎን አያለሁ። ጥቂት አቧራ ምንም አይደለም። የሸረሪት ድር የመሰለ ቀጭን ነጭ ክር ካየሁ ግን ያ ሻጋታ ነው፤ ዋጋው ቢቀንስም አልገዛም። ከዚያ ሌንሱን ገጥሜ አፐርቸሩን (ሌንሱ ብርሃን የሚያስገባበትን ቀዳዳ) ኤፍ 16 ላይ አደርጋለሁ፤ ፎከሱን አደብዝዤ ጥርት ያለ ሰማይ ወይም ነጭ ግድግዳ አነሳለሁ። ፎቶውን አጉልቼ ስዞርበት ጥቁር ጥቁር ነጠብጣብ ካለ ሴንሰሩ ላይ አቧራ አለ። በመንፊያ የሚሄድ ከሆነ ችግር የለውም። ተነፍቶም የማይሄድ ከሆነ ወይም ጭረት ከመሰለ እተወዋለሁ። ቀጥሎ ክዳኑን ገጥሜ አሥር ሴኮንድ አነሳለሁ፤ ጥቁር መሆን ባለበት ፎቶ ላይ የሚያበሩ ቀይና ሰማያዊ ነጥቦች እፈልጋለሁ። የባትሪውን ቤት ከፍቼ አረንጓዴ ዝገት እንዳለው አያለሁ። የብሎኖቹን ጫፍ አያለሁ፤ ከተላጡ ካሜራው ተከፍቶ ያውቃል። በመጨረሻ ሃምሳ ያህል ፎቶ በተከታታይ እለቅበታለሁ። ካመነታ ወይም ስህተት ካሳየ አመስግኜ እወጣለሁ።

የሻተር ቁጥርም፣ ማለትም ካሜራው እስካሁን ስንት ጊዜ እንዳነሳ፣ ጠይቂ። የ80ዲ ሻተር የተሠራው ለ100,000 ያህል ጊዜ ነው። ከዚያ በላይ አይሠራም ማለት ሳይሆን ከዚያ በኋላ ዋስትናሽ ይሳሳል። ኒኮን ቁጥሩን እያንዳንዱ ፎቶ ፋይል ውስጥ ያስቀምጠዋል፤ ካኖን ግን አያስቀምጠውም፣ ካሜራው ከኮምፒውተር ጋር ተገናኝቶ በሌላ ፕሮግራም ነው የሚነበበው። ሻጩ በቃሉ የሚነግርሽን ቁጥር ብቻ ይዘሽ አትክፈይ። የሽያጭ ወረቀትም አጻፊ፤ የካሜራው ሴሪያል ቁጥር ይግባበት። የተሰረቀ ዕቃ ሳታውቂ ገዝተሽ መጉላላት አለ።

አሁን ወደ ብርሃን ልምጣ። ካሜራ ስንመርጥ ብዙዎቻችን ይህን አናስበውም። እኛ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ነን። ፀሐይ እዚህ ወደ ላይ ቀጥ ብላ ትወጣለች፤ ቀጥ ብላም ትገባለች። ከአድማስ ተነስታ 6 ዲግሪ ከፍ ለማለት 25 ደቂቃ አካባቢ ይበቃታል። ሰሜን አውሮፓ ላይ ያው መንገድ እጥፍ ጊዜ ይፈጅባታል። ስለዚህ ፈረንጆቹ በቪዲዮ ስለ አንድ ሰዓት ወርቃማ ብርሃን ሲያወሩ ያ የእነሱ አገር ነው። የእኛ ወርቃማ ብርሃን ቡና ሳይፈላ ያልፋል።

ይህ ለዕቃሽ ምን ማለት ነው? ቆመሽ ሌንስ የምትቀያይሪበት ጊዜ የለም። ለዚህ ነው 18-135 የመሰለ ሰፊ ዙም ቦዲው ላይ ተገጥሞ ይዋል የምልሽ። በጥር ፀሐይ የምትወጣው 12 ሰዓት ከ45 አካባቢ ነው። እንጦጦ ላይ ልታነሺ ከሆነ 12 ሰዓት ከሩብ ላይ ቦታሽን ይዘሽ ቁሚ። ካሜራሽን ማታ ቤትሽ ሆነሽ አዘጋጂው። ሞዱ አፐርቸር ፕራዮሪቲ፣ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ንቃት) ኦቶ፣ ፋይሉ ራው (ካሜራው ያየውን ሳያስተካክል የሚያስቀምጠው)። ባትሪው ሙሉ፣ ሜሞሪው ባዶ። ጠዋት የሚቀርሽ ማየት ብቻ ይሁን።

ሱባ ጫካ ውስጥ ነገሩ ይለያል። ጥዱና ዝግባው ረጃጅም ስለሆኑ ብርሃኑ ዘግይቶ ነው የሚገባው። እኔ እዚያ እስከ 3 ሰዓት ድረስ ደስ ብሎኝ እሠራለሁ። ጭጋግ ካለ ደግሞ ከዚያም በላይ። ጥዱን በ15ኛው ክፍለ ዘመን አፄ ዘርዐ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ ዘር አስመጥተው እንዳስተከሉት ይነገራል። አንድ ግንድ ሥር ቆመሽ ወደ ላይ ስታዪ ያ ዘመን ይታይሻል። ለእንደዚህ ዓይነቱ ፎቶ 10-18 ሚሊሜትር የምትባለዋን ሰፊ ሌንስ በኋላ፣ ገንዘብ ስታገኚ፣ ጨምሪ። 240 ግራም ብቻ ናት።

እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ አናት ላይ ትሆናለች። በሚያዝያ የመጀመሪያ ሳምንትና በነሐሴ መጨረሻ አካባቢ ደግሞ ቃል በቃል አናታችን ላይ ናት፤ ጥላሽ እግርሽ ሥር ይገባል። ያኔ የሰው ዓይን ጉድጓድ ይመስላል። ፊት አታንሺ። አንድ የሚረዳሽ ነገር ፖላራይዘር ፊልተር ነው። ፖላራይዘር በጣም የሚሠራው ከፀሐይ 90 ዲግሪ ላይ ባለው ሰማይ ነው። ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ያ የሰማይ ክፍል አድማሱን ዙሪያውን ይከባል። ስለዚህ ሌላው ሰው ካሜራውን በሚከትበት ሰዓት ከወጨጫ ጫፍ ወደ በቾ ሜዳ ስታነሺ ጭጋጉ ይቀንስልሻል፤ የደመናው ነጭ ጎልቶ ይወጣል። የቅጠል ላይ ነጸብራቅም ያጠፋል፤ ኮሶ ዛፍ ላይ ሞክሪው። ፊልተሩ ብርሃን እንደሚበላ ግን አትርሺ፤ ጫካ ውስጥ ስትገቢ አውልቂው።

ትንንሾቹን ዕቃዎች በፍጥነት ልለፍ። ሁለት ባትሪ ያዢ፤ አንዱ ውስጥ ኪስሽ ይሁን። በህዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ባትሪ ያለ ጊዜው የሞተ ይመስላል፤ ሲሞቅ ይመለሳል። ትራይፖድ አሁን አትግዢ። ርካሹ ንፋስ ላይ ይንቀጠቀጣል፤ ደህናው ውድና ከባድ ነው። የምትደገፊበትን ዱላ ተጠቀሚ፤ ካሜራውን ዱላው ላይ አስደግፊና ትንፋሽሽ እስኪመለስ ጠብቂ። መንፊያ ግዢ። በአፍሽ በፍጹም አትንፊ፤ ምራቅ ሴንሰር ላይ ከደረቀ ማስለቀቁ መከራ ነው። ሌንስ መቀየር ካለብሽ ጀርባሽን ለንፋሱ ስጪ፤ የካሜራውን አፍ ወደ መሬት ድፊ።

ሜሞሪ ላይ ግን ትንሽ ልቆይ፤ ተጎድቼበታለሁና። አንድ ጊዜ 128 ጊጋ ተብሎ የተሸጠልኝን ሜሞሪ ይዤ የረር ወጣሁ። ሙሉ ቀን አነሳሁ። ቤት ገብቼ ስከፍተው የመጀመሪያዎቹ ፎቶዎች ደህና ናቸው፤ የቀሩት ግማሻቸው ግራጫ፣ ግማሻቸው አይከፈቱም። ሜሞሪው በውስጡ ከተጻፈበት በጣም ያነሰ ነበር። ከሞላ በኋላ የሚጻፍበት ሁሉ አየር ላይ ነው የሚቀረው። ከዚያ ቀን ወዲህ አዲስ ሜሞሪ ስገዛ ሳልፈትሽ ካሜራ ውስጥ አልከትም። ዊንዶውስ ላይ ኤች-ቱ-ቴስት-ደብሊው የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ። ሜሞሪውን እስኪሞላ ይጽፍበታል፤ ከዚያ መልሶ ያነበዋል። ሐሰተኛ ከሆነ እዚያው ይነግርሻል። ሰዓት ይፈጃል፤ ማታ ከፍተሽው ተኚ። አንድ ትልቅ ከምትገዢ ሁለት ባለ 64 ጊጋ ግዢ፤ ላያቸው ላይ ቪ30 የሚል የፍጥነት ምልክት ይኑር። የ80ዲ አንድ ራው ፎቶ ወደ 30 ሜጋባይት ስለሚጠጋ አንዱ ብቻ 2,000 ያህል ፎቶ ይይዛል።

ክረምትና ጉም ሌላው ጠላት ናቸው። ከቀዝቃዛ ቦታ ሞቅ ወዳለ ቦታ ስትገቢ ሌንሱ ላይ ጤዛ ይሠራል። ሰው የሞላበት ሚኒባስ በደንብ ይሞቃል፤ የሰው ትንፋሽ እርጥብ ነው። ስለዚህ ሚኒባሱ ውስጥ ከመግባትሽ በፊት ካሜራውን በፌስታል ጠቅልለሽ አፉን ጥብቅ አድርገሽ እሰሪ። ቤት ደርሶ ሙቀቱ እስኪስተካከል አትክፈቺው። ጤዛው ፌስታሉ ላይ ይቀራል፣ ሌንስሽ ላይ አይደለም። ቤት ደግሞ ካሜራውን ቦርሳው ውስጥ አታሳድሪ። ክዳኑ ግጥም የሚል ፕላስቲክ ዕቃ ግዢና ከሲሊካ ጄል ጋር አስቀምጪው። ቀለም የሚቀይረውን ሲሊካ ፈልጊ፤ እርጥበት ሲጠግብ ቀለሙ ይነግርሻል። እኔ አንድ የምወደውን ሌንስ ሐምሌና ነሐሴን ሙሉ ቦርሳ ውስጥ ትቼው በመስከረም ስከፍተው ሻጋታ ወርሶት አገኘሁት። የአደይ አበባ ወቅት ያለ እሱ አለፈኝ። እስካሁን ይቆጨኛል።

እንግዲህ ኤዲቲንግ። እዚህ ላይ በአንድ ፎቶ ባሳይሽ ይሻላል። ሱባ ጫካ ስትሄጂ ጉሬዛ ታያለሽ። ጥዱ ላይ ሰብሰብ ብለው ጭራቸውን አንጠልጥለው ይቀመጣሉ። ጉሬዛ ለካሜራ ከባድ ፈተና ነው። አካሉ ጥቁር ነው። ከትከሻው እስከ ወገቡ የሚወርደው ካባና የጭራው ጫፍ ደግሞ ነጭ ናቸው። ከኋላው ያለው ጫካ ጨለማ ነው። ካሜራው ብርሃን ሲለካ አብዛኛው ነገር ጨለማ ስለሆነበት ያበራዋል። ያን ጊዜ ነጩ ካባ ይቃጠላል፤ ነጭ ወረቀት ይሆናል። አንዴ ከተቃጠለ በየትኛውም ፕሮግራም አይመለስም።

ስለዚህ እኔ ኤክስፖዠሩን 1 ስቶፕ አወርዳለሁ፤ ማለትም የሚገባውን ብርሃን በግማሽ እቀንሳለሁ። ባለፈው ያነሳሁት አንድ ፎቶ 250 ሚሊሜትር፣ ኤፍ 5.6፣ 1/500 ሴኮንድ፣ አይኤስኦ 1600 ነው። እናቲቱ ቅርንጫፍ ላይ ተቀምጣለች፤ ደረቷ ላይ ግልገል አለ። የጉሬዛ ግልገል ሲወለድ ሙሉ በሙሉ ነጭ ነው፤ ያን ጊዜ ካየሽ አትለፊው። በካሜራው ስክሪን ላይ ፎቶው በጣም ጨለማ ነበር። አብሮኝ የነበረው ልጅ «ይህ ተበላሽቷል» አለኝ። አልተበላሸም። ካባው ላይ እያንዳንዱ ፀጉር ነበር።

የራው ጥቅም እዚህ ጋ ነው። ጄፔግ፣ ማለትም የተለመደው የፎቶ ፋይል፣ በእያንዳንዱ ቀለም 256 ደረጃ ነው ያለው። የ80ዲ ራው 14 ቢት ነው፤ 16,384 ደረጃ አለው። ጨለማው ውስጥ የተቀበረ ነገር ብዙ ነው ማለት ነው።

ፎቶውን የከፈትኩት ዳርክቴብል በሚባል ፕሮግራም ነው። ነጻ ነው። ክፍያ የለም፣ ካርድ የለም፣ በየወሩ የሚጠይቅሽ የለም። ዊንዶውስም ማክም ሊኑክስም ላይ ይሠራል። ዋናውን ፋይል አይነካም፤ ያደረግሽውን ለውጥ ጎኑ ላይ በትንሽ ፋይል ይጽፋል። መጀመሪያ ኤክስፖዠሩን በ1 ስቶፕ መለስኩት። ከዚያ ቶን ኢኳላይዘር የሚለውን ከፈትኩ። ይህ መሣሪያ ጨለማውን ለብቻው ያነሳል፤ ነጩን አይነካም። የእናቲቱ ፊት ከጥቁሩ ውስጥ ቀስ ብሎ ወጣ። ዓይኗ ላይ የሰማይ ነጥብ ታየኝ። እዚያ ላይ አቆምኩ። ከዚያ በላይ ብጎትተው ጥቁር ፀጉሯ ግራጫ ይሆናል፤ ጉሬዛ ደግሞ ጥቁር ነው።

ቀጥሎ ቀለም። ጫካ ውስጥ ብርሃኑ በቅጠል መሃል ስለሚያልፍ ነጩ ነገር ሁሉ አረንጓዴ ይመታዋል። ነጩ ካባ ላይ ጠቅ አድርጌ ዋይት ባላንሱን ባስተካክለው ካባው ጨርቅ ይመስላል፤ ጫካው ይጠፋል። ስለዚህ ግማሽ መንገድ ብቻ ሄድኩ። ትንሽ አረንጓዴ ቀረ። ሰው ሲያየው ጥዱ ሥር እንዳለ ይሰማዋል። ከዚያ ዲኖይዝ ፕሮፋይልድ የሚለውን አበራሁ። ይህ የካሜራሽን ዓይነት አውቆ እንደየአይኤስኦው የፎቶውን ሻካራነት የሚያጠፋ ነው። በመጨረሻ ማስክ ሠርቼ ፊቷ ላይ ብቻ ሻርፕነስ ጨመርኩ። ቅጠሉን ተውኩት። ሁሉም ነገር ስለታም ከሆነ ዓይን የሚያርፍበት ያጣል። ሁሉም ተደምሮ አሥር ደቂቃ አልፈጀም።

ዳርክቴብል መጀመሪያ ያስፈራል። በጣም ብዙ መሣሪያ አለው። አንቺ ከላይ የጠራኋቸውን አራትና አምስት ብቻ ያዢ፤ ሌላውን ለአንድ ዓመት አትንኪው። ላፕቶፕሽ 8 ጊጋ ራም ካለው ይሠራል። 4 ጊጋ ከሆነ ይንቀራፈፋል፤ ያኔ አዲስ ላፕቶፕ ሳይሆን ራም ጨምሪበት፣ ዋናውን ዲስክም ወደ ኤስኤስዲ ቀይሪው። በጣም ከከበደብሽ ለካኖን ካሜራ ካኖን ራሱ የሚሰጠው ዲጂታል ፎቶ ፕሮፌሽናል የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ። ጨለማ ማንሳትና ቀለም ማስተካከል ይችላል።

ስልክሽንም አትናቂው። 80ዲ በዋይፋይ ጄፔግ ወደ ስልክ ይልካል። መንገድ ላይ ሆነሽ ለጓደኞችሽ የምትልኪውን በስናፕሲድ አስተካክይ፤ እሱም ነጻ ነው። የላይትሩም የስልክ አፕም ከፊሉ በነጻ ይሠራል። ላይትሩም ጥሩ ፕሮግራም ነው፤ የምከፍልበት ካገኘሁ እከፍልበታለሁ። የግድ ነው የሚለውን ግን አልቀበልም። አንድ ነገር ግን እለምንሻለሁ። በፍላሽ የሚዞረውን ክራክ የተደረገ ፕሮግራም ላፕቶፕሽ ላይ አትጫኚ። ቫይረስ ይዞ የሚመጣው ብዙ ነው፤ የሁለት ዓመት ፎቶ በአንድ ሌሊት የተቆለፈባቸውን ሰዎች አውቃለሁ።

ለዚህም ነው ከዕቁቡ ላይ ሃርድ ዲስክ ይነሳ ያልኩሽ። ሁለት ይሁኑ። አንዱ ቤትሽ፣ ሌላው እናትሽ ቤት ወይም የምታምኛት ጓደኛ ጋ ይቀመጥ። ፎቶው ሁለቱም ላይ መግባቱን ሳታረጋግጪ ሜሞሪውን ፎርማት አታድርጊ። ለሰው ስትልኪ ደግሞ ቴሌግራም ላይ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኪ፤ አለዚያ ተጨምቆ የለፋሽበት ሁሉ ይጠፋል።

ድሮን ልግዛ ወይ ብለሽ አልጠየቅሽም፤ ጓደኞችሽ ግን ያነሱብሻል። ያለ ፈቃድ ማስገባትም ማብረርም አይቻልም፤ ገንዘብሽን እዚያ ላይ አታውዪ።

ሰው ስለማንሳትም አልጠየቅሽም፤ ግን ልናገር። እንጦጦ ላይ የባሕር ዛፍ ጭራሮ ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች ታገኛለሽ። ጥሩ ፎቶ እንደሚሆን አውቃለሁ። እነሱ ግን በዚያ ሸክም ሥር ቆመው ሊያዩሽ እንኳ አይችሉም። ካሜራሽን አውርጂ። «እናቴ፣ ደህና አደሩ? አንድ ፎቶ ላንሳዎት?» በይ። እንቢ ካሉ «እግዜር ይስጥልኝ» ብለሽ እለፊ። እሺ ካሉ ሸክማቸውን ሲያሳርፉ አግዢ፤ ሲያነሱም አግዢ። ከዚያ ፎቶውን አሳጥበሽ ውሰጂላቸው። እኔ አንዲት እናት ፎቶዋን ሳመጣላት ነጠላዋን አስተካክላ ለረጅም ጊዜ ዝም ብላ አየችው። «ልጆቼ ጋ የእኔ ፎቶ የለም» አለችኝ። ካሜራ ገዝቼ ካደረግኩት ሁሉ ያ ይበልጥብኛል።

ከመግዛትሽ በፊት ግን በዚህ ሳምንት አንድ ነገር አድርጊልኝ። የስልክሽን ጋለሪ ክፈቺና ያለፈውን ዓመት የተራራ ፎቶዎች እይ። በጣም የምትወጂያቸውን ሃያ ምረጪ። ስንቶቹ ላይ «ምነው ቀርቤ ባነሳሁት» ብለሻል? ስንቶቹ ላይ «ምነው ሰፋ ባለ» ብለሻል? የቅርቡ ከበለጠ 55-250ን ከቦዲው ጋር አብረሽ ግዢ። የሰፊው ከበለጠ 10-18ን አስቀድሚ፣ ጉሬዛዋ ትቆይሽ። ቁጥሩን ጻፊልኝና ከዚያ ሱቅ እንሂድ።